የተጠረገ ትንፋሽ

«ጆሮ» የሚለውን ስም ያወጣችለት እህቱ ናት። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ሦስተኛ ፎቅ ቤታቸው ውስጥ ተቀምጦ፣ ምድር ቤት የእናታቸው የስፌት መኪና ድምፅ ሲቋረጥ «አሁን ክር ተበጠሰባት» ወይም «አሁን ጨረሰች፣ ልትመጣ ነው» ይል ነበር። አይስትም። አራት ዓመት የምትበልጠው እህቱ፣ እናታቸው ደረጃውን ሳትጀምር ከመስኮቱ ደፍ ወርዳ ደብተሯን የምትገልጠው በሱ ጆሮ ነው። ስሙን እንደ ሽልማት ሰጠችው፤ እሱም እንደ ሽልማት ተቀበለው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞልቶትም ከእናቱ በቀር በትምህርት ቤት ስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። እሱ ደግሞ እሷን «እታለም» ይላታል። ሌላው ሰው በምን ስም እንደሚጠራት ግድ አልነበረውም።

ሌላው ሰው ዘፋኝ ይላታል። ግጥሙን ራሷ ትጽፋለች፣ ዜማውን ራሷ ታወጣለች፣ ጊታሩን ራሷ ትመታለች። ሰው ልብስ ሲያጥብ ወይም ሸክም ሲያነሣ የሚያንጎራጉረውን ዓይነት ዜማ ወስዳ በኤሌክትሪክ ጊታርና በከበሮ ታንጠዋለች፤ መሐል ላይ ሃርሞኒካ ትነፋለች። ሽማግሌዎቹ «ይኼ ጩኸት ዜማውን ገደለው» አሏት። ወጣቶቹ «ይኼ የአያቶቻችን ነገር ነው» አሏት። ከሁለት ያጣ ሆና ጀመረች። የመጀመሪያ ዝግጅቷን ለማየት አሥራ አንድ ሰው መጣ፤ ከአሥራ አንዱ አራቱ ዝናብ እስኪያባራ የተጠለሉ ነበሩ። በሦስተኛው አልበም ጊዜ አንድ የሙዚቃ ድርጅት ሰው ውል ይዞ ቤት ድረስ መጣ። ከበሮውን ኮምፒውተር ይመታዋል፣ ዘፈኖቹ ያጥራሉ፣ አንቺም ትንሽ ታምሪያለሽ አላት።

«ጌታዬ፣ ዘፈኔ ጥርሴ ነው» አለችው። «ቢወላገድም የማኝከው በሱ ነው።» ሻዩን አስጨርሳ ሸኘችው።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሆነው ቀሩ። እሷ፣ ጆሮ፣ ሦስተኛው ከበሮ መቺው። ከበሮ መቺው ሁሉንም ዘፈን ስለሚያጣድፈው በየመድረኩ ዘወር እያለች የምትነግረው ቃል ስሙ ሆኖ ቀረ፤ «ቀስበል» ይሉታል። የሚሄዱት በሩ በገመድ በሚታሰር ሚኒባስ ነው። አልበሞቹን ራሳቸው ያባዛሉ፣ ራሳቸው ያሽጋሉ፣ ከዝግጅት በኋላ በር ላይ ቆመው ራሳቸው ይሸጣሉ። አሥራ አራት ዓመት፣ ስድስት አልበም። ስድስቱም የተቀዱት ወጥ ቤታቸው ውስጥ ነው፤ ወደ መንገድ የሚያይ መስኮት የሌለው ክፍል እሱ ብቻ ስለሆነ። ጎረቤቱ ሁሉ ሥራ በሚውልበት፣ ከረፋዱ አራት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ይሰቀላል፣ ፍሪጁ ይነቀላል፣ እሷ ከእቃ ማጠቢያው አጠገብ ትቆማለች። ዘፈኑንም ጊታሩንም ባንድ ጊዜ፣ ያለ ማዳመጫ፣ ቆማ ትጫወታለች። የቀስበል ከበሮ የሚጨመረው በኋላ ነው። አንድ ቀን ፍሪጁን መልሶ መሰካት ተረስቶ የሳምንቱ ሥጋ ሲበላሽ እናታቸው «ይኼ ዘፈን ኪሎ ሥጋ በላ፣ ባይጥም እንኳ አጥግቦታል» አለች።

ትንፋሽ የመጥረጉ ሥራ የመጣው ከመጀመሪያው አልበም ነው። አንድ የሬዲዮ ሰው ዘፈኗን ካስደመጠ በኋላ «ይቺ ዘፋኝ ናት ወይስ ደረጃ የምትወጣ ሴትዮ?» ብሎ ሳቀ። በስንኝና በስንኝ መሐል አየር ስትስብ ስለሚሰማ ነው። በሰው ፊት አብራ ሳቀች። ቤት ገብታ ግን ፊቷን ወደ እቃ ማጠቢያው አዙራ ውሃውን ከፍታ ለረጅም ጊዜ ቆመች። ከዚያ «ጆሮዬ፣ ሁለተኛ ትንፋሼን ማንም እንዳይሰማው» አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም አልሰማውም። ኮምፒውተሩ ላይ ድምፅ እንደ ተራራ ሰንሰለት ሆኖ ይታያል፤ ትንፋሽ ደግሞ በሁለት ተራራ መሐል ያለች ትንሽ የአቧራ ጭረት ናት። ጆሮ ያቺን ጭረት ባየ ቁጥር ይመርጣታል፣ ይቆርጣታል፣ ይቀጥላል። አንድ ጊዜ ከትንፋሹ ጋር የስንኙን የመጀመሪያ ፊደል ቆርጦ ጥሎ ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ የቆረጠውን አይጥልም፤ «ጥራጊ» ብሎ በሰየመው ፎልደር ውስጥ በዘፈንና በቀን እየለየ ያኖረዋል። ከጊዜ ብዛት ሥራው እጅ ብቻ የሚሠራው ሆነ። ጭረቷን ያያል፣ ይቆርጣል፤ አይሰማትም። ጆሮ የተባለው ሰው ያን ሁሉ ዓመት ትንፋሿን በዓይኑ ነበር የሚያውቀው።

ሰባተኛው አልበም ሊያልቅ አንድ ዘፈን ሲቀረው፣ ቀስበል ወጥ ቤት ውስጥ ባልዲ ገልብጦ ተቀምጦ የተዘጋጁትን አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ።

«ምነው?» አለችው።

«አይ፣ ጥሩ ነው። ሬሳም ታጥቦ ሲገነዝ ጥሩ ነው።»

«አፍህን!» አለ ጆሮ።

«እውነቴን ነው አንተ። መድረክ ላይ ስትዘፍን ከኋላዋ ተቀምጬ ትንፋሿን ነው የምከተለው። እዚህ ግን ሰውዬዋ የለችም። የት ቀበርካት?»

እሷ ጊታሯን ግድግዳ አስደግፋ «ልክ ነው» አለች። «አርባ ዓመቴ ነው። ደረጃ የምትወጣ ሴትዮ ከሆንኩም ይሁን፤ ደረጃውን የወጣሁት እኔ ነኝ። ጆሮዬ፣ ትንፋሼን መልስልኝ።»

ለጉዞው ሦስት ሳምንት ቀርቷል። አሥራ ዘጠኝ ከተማ፣ መጨረሻ ላይ የራሳቸው ከተማ ትልቁ አዳራሽ። ልጅ ሆና ትኬት መግዛት ስላልቻለች ጀርባው ካለው የብረት በር ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ሌሎችን የሰማችበት አዳራሽ ነው። መቀመጫው ሁሉ ተይዞ አልቋል። አልበሙ ከጉዞው በፊት መድረስ አለበት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ «ጥራጊ»ን ከፈተ። የመጀመሪያዋን ትንፋሽ አነሣ፣ ቦታዋ መለሳት፣ አጫወተ። ትንፋሿ ሲጀምር ልክ ነው። መጨረሻው ላይ ግን አንድ ነገር አለ፤ ቀጭን ፉጨት፣ ራቅ ያለ ቤት ውስጥ ዘይት ያጣ በር ሲከፈት የሚመስል።

የድምፅ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ዕቃን ነው። ገመዱን ቀየረ። ማይኩን በሌላ ማይክ ለወጠ። ፍሪጁ ያን ቀን ሳይነቀል ቀርቶ ይሆናል ብሎ ሌላ ቀን የተቀዳ ከፈተ፤ ፉጨቱ አለ። የራሱን ትንፋሽ ቀዳ፤ ንጹሕ ነው። ቀስበልን ስልክ ደውሎ ጠርቶ ማይኩ ፊት አቁሞ «ተንፍስ» አለው።

«ምን ልዝፈን?»

«ምንም። ተንፍስ ብቻ።»

«እኔ እኮ በዚህ ሥራ እንደማድግ አውቅ ነበር» አለና ተነፈሰ። ንጹሕ ነው። ቀስበል ከሄደ በኋላ ጆሮ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የቀረው ዕቃ የለም። የቀረችው እሷ ናት።

ከዚያ ወደ ኋላ ሄደ። አራተኛው አልበም፣ ንጹሕ። አምስተኛው፣ ንጹሕ። ስድስተኛው፣ ንጹሕ። ሰባተኛውን በየቀኑ ደረደረው። ፉጨቱ የጀመረው ከአሥራ አራት ወር በፊት ነው። መጀመሪያ አሥር ትንፋሽ ላይ አንዴ፣ ለዚያውም ጭራው ላይ። ከዚያ አምስት ላይ አንዴ። ከዚያ ሁሉም ላይ። ካለፉት ሦስት ወራት ወዲህ የእያንዳንዱን ትንፋሽ ግማሽ ይዞታል፤ አየሩ በጠባብ ቀዳዳ ተሻምቶ እንደሚገባ ያለ። እያንዳንዷን የቆረጣት እሱ ነው። በገዛ እጁ፣ አንድ ሺህ ጊዜ ይበልጣል፣ እህቱ እየታፈነች እንደሆነ የሚናገረውን ነገር እየቆረጠ፣ ስም እየሰጠ፣ ቀን እየጻፈ አስቀምጦታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል።

ከዚያ በኋላ ዓይኑም ማየት ጀመረ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ቁልፍ ለመፈለግ ቦርሳዋን ትከፍታለች፤ ቁልፉ ግን ሁልጊዜ ኪሷ ውስጥ ነው። ሃርሞኒካውን ከዝግጅቱ አውጥታዋለች፤ «ሰለቸኝ» ብላ ነበር። ስትተኛ ትራስ ትደራርባለች። ስትስቅ ሳቋን ሳትጨርስ ታቆማለች። ደረጃው ላይ እግሯን በሰማ ቁጥር መቁጠር ጀመረ፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ እግሯ ሲቆም የሱም ልብ አብሮ ይቆማል፣ እግሯ እስኪቀጥል።

መንገር ነበረበት። ጠዋት ላይ ቃሉን አዘጋጅቶ ይነሣል። ሻይ ሲቀዳ «እታለም» ይላል፤ «ወዬ» ትላለች፤ «ስኳር አለቀ» ይላታል። አንድ ቀን «እታለም» አለ፣ «ወዬ» አለች፣ «ሚኒባሱ ዘይት ይፈልጋል» አለ። ከተናገረው እውነት ይሆናል፤ ዝም ካለ ግን የአንድ ማይክ ነገር ሆኖ ይቀራል። እንዲህ እያለ ራሱን አታለለ። ደግሞም አዳራሹ ነበር። ያንን የብረት በር ከውስጥ በኩል ልታየው ጥቂት ሲቀራት፣ በሩን የሚዘጋባት እሱ ይሁን?

ፍርሃት ያላደረገው የለም፤ በመጨረሻ ደግሞ እጁን ይዞ ሥራ አሠራው። ሦስተኛው አልበም ጥራጊ ውስጥ ገባና ጤነኛዎቹን ትንፋሾች አንድ በአንድ አወጣ። የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ትንፋሽ። እነሱን ወስዶ በሰባተኛው አልበም ስንኞች መሐል ሰካቸው። ልካቸውን አስተካከለ፣ ጠርዛቸውን አለሰለሰ። ጥሩ አድርጎ ሠራው፤ በሙያው እንደዚያ ሥራ ያማረለት የለም። ሲያጫውተው ፉጨት የለም። ፉጨቱን ከሰማ ወዲህ ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ እህል በላ።

በዘጠነኛው ቀን እሷ ኩባያ እያጠበች አዲሱ አልበም እየተጫወተ ነበር። አብራው ታንጎራጉራለች።

*ደጃፌን አልዘጋም፣ ነፋሱም ሰው ነው፣*
*ሲገባ ሲወጣ ቤቴን የሚያውቀው፤*

አቆመች። «መልሰው እስቲ።»

መለሰው። እንደገና አብራ ዘፈነች፤ እንደገና አቆመች። እጇን በፎጣ አደራረቀችና ከኋላው መጥታ ቆመች።

«ይቺ ማናት?»

«ምን ማለትሽ ነው? አንቺ ነሽ እንጂ።»

«እዚህ ጋ ትስባለች አይደል? እኔ ገና እየሳብኩ እሷ ስባ ጨርሳለች። ሁለት ጊዜ ቀደመችኝ።» ጎንበስ ብላ ፊቱን አየችው። «ዘፈኔን ልረሳ እችላለሁ፤ የት እንደምተነፍስ ግን አልረሳም። ይቺ ልጅ ታንሰኛለች። ከየት አመጣሃት?»

«ከሦስተኛው አልበም።»

«ለምን?»

እሱ ዘፈኑን አጠፋው።

«አንተ ልጅ፣ ለምን?»

«የአሁኑ… የአሁኑ ጥሩ አይደለም፣ እታለም።»

«አሰማኝ።»

«ይቅር።»

«አሰማኝ አልኩህ እኮ!»

በቀን ደርድሮት የነበረውን ከፈተው። ሌላ ምንም የለም፤ ዘፈን የለም፣ ጊታር የለም። ከአሥራ አራቱ ወር ከየወሩ ጥቂት ትንፋሽ ብቻ፣ ተከታትሎ፣ ሁለት ደቂቃ ከሩብ። ቀስበል ትቶት በሄደው ባልዲ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ላይ ፈገግ ብላ ነበር። «እኔ ነኝ እንዴ? የቁም ሣጥን በር መሰልኩ። ዘይት ቀቡኝ በቃ።» ከዚያ ፉጨቱ እየረዘመ ሲመጣ ፈገግታዋ ቦታው ላይ እንዳለ ደረቀ። መጨረሻዎቹ ላይ ሳታውቀው እጇን አንስታ ጉሮሮዋን ያዘች። ድምፁ ሲያልቅ ወጥ ቤቱ ጸጥ አለ፤ በጸጥታው ውስጥ ደግሞ ያው ፉጨት ቀጠለ፤ ባልዲው ላይ ተቀምጣ እየተነፈሰች ነበርና። ሁለቱም ሰሙት። እሷም መስማቷን አየ።

«መቼ ነው የሰማኸው?» አለች ቀስ ብላ።

«ዘጠኝ ቀኔ።»

«ዘጠኝ ቀን!»

«ፈራሁ።»

«እኔን ነው ወይስ ለኔ?»

«ሁለቱንም።»

ራሷን ነቀነቀች። ትሰድበኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትሰድበው ይሻለው ነበር። «እኔም ደረጃው ላይ አውቄው ነበር» አለች። «እርጅና ነው እያልኩ። የፈሩት ይደርሳል አሉ። ለእማዬ ነግረሃል?»

«አልነገርኩም።»

«እንኳን። እሷ ከሰማች ከኔ በፊት ትታመማለች።» ተነሣች። «ጫማዬን አቀብለኝ፤ ጎንበስ ስል ያፍነኛል።» ይህንን በግልጽ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር።

ሐኪሟ ፀጉሯ የሸበተ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ቀጭን ካሜራ በአፍንጫ በኩል አስገብታ አየች። አይታ ስትጨርስ እጇን ታጠበች። ጆሮ ውሃው እስኪዘጋ ድረስ የታጠበችውን ጣት ሁሉ ቆጠረ።

«ከድምፅ አውታሮችሽ በታች፣ የአየር ቧንቧሽ ውስጥ ሥጋ በቅሏል። የቀረው ቀዳዳ የእርሳስ ውፍረት ቢሆን ነው። መቼ ጀመረሽ? ሰው ሁሉ በቅርቡ ነው ይለኛል፤ በቅርቡ እንዳትዪኝ።»

«ወንድሜ ያውቀዋል» አለች።

ጆሮ ኮምፒውተሩንና ማዳመጫውን ከቦርሳው አወጣ። ሐኪሟ ግራ እየገባት አደረገችው። ሁለት ደቂቃ ከሩብ ሙሉ ሳትንቀሳቀስ አዳመጠች። አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ጣቷን ኮምፒውተሩ ላይ፣ ወደ መጀመሪያዎቹ ወራት አሳየች። «እዚህ ጋ ብትመጡ ኖሮ…» አለችና ተወችው። የተወችውን ዐረፍተ ነገር ጆሮ ውስጡ ጨረሰው። ከዚያ ወዲህ ያልጨረሰበት ቀን የለም።

«ዛሬ ሰኞ ነው። ሐሙስ ቀዶ ሕክምና» አለች ሐኪሟ።

«ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጉዞ አለብኝ። አሥራ ዘጠኝ ከተማ።»

«ልጄ፣ አንድ ጉንፋን ቢይዝሽ ያ ቀዳዳ ይዘጋል። የሚኒባስ ውስጥ ጉንፋን።»

«ድምፄስ?»

«ስለ ድምፅሽ ቃል አልገባልሽም። እኔ የምታገለው ለትንፋሽሽ ነው።»

እናታቸው በተነገራት ጊዜ አልጮኸችም። የስፌት መኪናዋን አቁማ «የቱ ጋ ነው የሚቀድዱት?» ብላ ጠየቀች። ልጇ በጣቷ አንገቷ ሥር አሳየቻት። እናት ተነሥታ ሜትሯን አንገቷ ላይ ካለችበት አወረደች፣ የልጇን ትከሻና ደረት ለካች፣ ነጭ ጨርቅ መርጣ ፊት ለፊት የሚከፈት፣ ኮሌታ የሌለው ልብስ መቁረጥ ጀመረች። መቀሱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጆሮ ግን የእናቱን ትንፋሽ ሰማ፤ በየስንዝሩ ይቆራረጣል።

ለአዳራሾቹ ሁሉ እህቱ ራሷ ደወለችላቸው። «እኔ ልደውል» ቢላት እምቢ አለች። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ «ሰረዝኩ አላልኩም፣ አዘገየሁ ነው ያልኩት፤ ጻፍልኝ፣ አዘገየች በል» ስትል በብርድ ልብሱ ማዶ ሰማት። በአሥራ ሁለተኛው ላይ ቃሏ ማጠር ጀመረ። በአሥራ ዘጠነኛው «አዘገየሁ» ብቻ ብላ ዘጋች።

ረቡዕ ረፋድ ቀስበል ጆሮን ደረጃው ሥር ጠብቆ ያዘው። ያለወትሮው አልቀለደም። «አንዱ ዘፈን ቀርቷል» አለ። «ነገ ምን እንደሚሆን አናውቅም። ዛሬ ቅዳት። ቢያንስ…» አልጨረሰውም።

ጆሮም ይህንኑ ሲያስብ ነው ያደረው። ወጥ ቤት ገብቶ ብርድ ልብሱን ሰቀለ፣ ፍሪጁን ነቀለ፣ ማይኩን በቁመቷ ልክ አቆመ። በዚህ መሐል ገባች። ማይኩን አየችው፣ ወንድሟን አየችው።

«ምንድነው ይኼ?»

«አንድ ዘፈን ቀርቷል ብዬ… ካልደከመሽ።»

«ለምን ዛሬ?»

«ያው…»

«ያው ምን? በለው እንጂ።»

«ነገ ድምፅሽ ቢሄድስ፣ እታለም? እኔ ምን ይቀረኛል? አንዴ ብቻ። ትንፋሽሽን አልነካም፣ እምልልሻለሁ። እንዳለ እተወዋለሁ።»

መጥታ የማይኩን ብሎን ፈታች፤ ማቆሚያውን አጠፈችው። ለመናገር ሁለት ጊዜ አየር መሳብ ነበረባት።

«ስማኝ። የስንብት ዘፈን ከሰጠኋችሁ ትሸኙኛላችሁ። አንተም ቀስበልም እማዬም፤ ዘፈኑን ይዛችሁ ልባችሁ ያርፋል። እንዲያርፍ አልፈልግም። ፍራ። አጥብቀህ ፍራ። ነገ የፈራ ሰው ነው በር ላይ እንዲቆምልኝ የምፈልገው።» ከዚያ ማይኩን እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «ዘፈኑ ይቆይ። አዘገየሁ በል።»

ፍሪጁን ራሷ መልሳ ሰካችው፤ «እማዬ ሥጋ ገዝታለች» ብላ።

ሐሙስ ጠዋት እናቷ የሰፋችውን ነጭ ልብስ ለብሳ በተሽከርካሪ አልጋ ገባች። መስታወት ያለው ድርብ በር ተዘጋ። እናታቸው አግዳሚው ወንበር ላይ ከቀስበል አጠገብ ተቀመጠች፤ ቀስበል ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ ሊመታ ይጀምርና ይተወዋል። ጆሮ አልተቀመጠም። ፍራ ተብሏል፤ ፈራ። በሩ ሥር ቆሞ የውስጡን ድምፅ ለመለየት ሞከረ፤ የሚሰማው የአየር ማናፈሻው ጉርምርምታ ብቻ ነበር። ቀዶ ሕክምናው አራት ሰዓት ተኩል ፈጀ።

ሐኪሟ ወጣች። የፊት መሸፈኛዋ የተወው መስመር ጉንጯ ላይ አለ። «ያየነውን ሁሉ አውጥተናል። አንገቷ ላይ ቧንቧ አለ፤ ለጊዜው በሱ ነው የምትተነፍሰው። መናገር አትችልም። የድምፁን ነገር ቧንቧው ሲወጣ እናያለን።» እናታቸው የሐኪሟን እጅ ይዛ ሳመች። ቀስበል ወደ ግድግዳው ዞረ። ጆሮም አግዳሚውን ወንበር አየ፤ አሁን ቢቀመጥ ማን ይቀየመዋል?

ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው መግባት ይችላል ተባለ። እናቱ «አንተ ግባ፣ እኔ ካለቀስኩ ታለቅሳለች» አለችው።

ነቅታለች። ከንፈሯ ደርቋል፤ ነጩ ልብስ አንገቷ ላይ ተከፍቷል፤ ቧንቧው በጨርቅ ማሰሪያ ታስሯል። ስታየው ጣቷን አነሣች፤ ደረቷን ነካች፣ ከዚያ የሱን ጆሮ አመለከተች።

ጎንበስ አለ። ክፍሉ በድምፅ የተሞላ ነው፤ የጋሪ ጎማ፣ የነርስ ጫማ፣ የሚንጠባጠብ መድኃኒት፣ ማዶ የሚያስል ሽማግሌ። አንድ በአንድ አስወገዳቸው፤ ሥራው ነው። ከዚያ እሷ ብቻ ቀረች። አየር ገባ፣ አየር ወጣ። ሰፊ ነው፣ እንደ ተከፈተ መስኮት። ሁለተኛውም እንዲሁ። ዓይኑ እንባ ሞላ። ሦስተኛው ላይ፣ ልክ መጨረሻው ላይ፣ ሰማው። ቀጭን ነው። ከቧንቧው አይደለም፤ ከበታቹ ነው።

አራተኛውን ጠበቀ። አለ።

ዓይኖቿ ፊቱ ላይ ናቸው። «ንጹሕ ነው» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሐኪም ያለችውን መድገም ነው፣ ውሸትም አይባል። እናቱ ኮሪደሩ ላይ ምስጋና እያደረሰች ነው። አንድ ሰዓት ቢቆይስ? እስኪመሽ፣ ቧንቧው እስኪለምዳት?

«አለ፣ እታለም» አላት። «ከታች ነው።»

ዓይኗን አንድ ጊዜ ጨፈነች። ስትገልጠው አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፤ በደከመ እጇ ደረቱን ወደ በሩ ገፋችው።

ሮጠ። ሐኪሟ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ጫማ እየቀየረች ነበር። «ዶክተር፣ ፉጨቱ አለ!»

«አዲስ ቧንቧ ድምፅ ይሰጣል፣ ልጄ። ደክሞሃል፣ ሂድና…»

«ቧንቧው አይደለም። ይምጡና ይስሙት። እባክዎ!»

መጣች፤ አንድ እግሯ ጫማው ሳይታሰር። የሐኪም ማዳመጫዋን እህቱ ደረት ላይ አደረገች፣ ሰማች፣ ቀና አለች። «ምንም የለም።»

«መጨረሻው ላይ ነው፣ ዶክተር። ትንፋሿን ልትጨርስ ስትል። ቶሎ አያንሡት።»

ሐኪሟ አየችው። ከዚያ ሁለተኛ ጎንበስ አለች። በዚህ ጊዜ ዓይኗን ጨፈነች፤ ነርሷ ጋሪዋን አቆመች፤ እናታቸው በሩ ላይ ደርሳ ቆመች፤ ማንም «ምንድነው?» አላለም። አንድ ትንፋሽ አለፈ። ሌላ አለፈ። በሦስተኛው ላይ የሐኪሟ ቅንድብ ተንቀሳቀሰ። ማዳመጫዋን ከአንድ ጆሮዋ ብቻ አወጣች።

«አልጋውን መልሱት» አለች ለነርሷ። «የቀዶ ሕክምና ክፍሉን እንዳይዘጉት ንገሪያቸው። አሁኑኑ።»

የአልጋው ጎማ ተፈታ። ጆሮ የአልጋውን ብረት ይዞ አብሮ ሮጠ፤ አጠገቡ እናቱ ስሟን ትጠራለች፣ ቀስበል ከፊት ሰው ዞር በሉ ይላል። እሱ ሁለቱንም አልሰማም። ድርብ በሩ ጋ እስኪደርሱ ድረስ ጭንቅላቱን ወደሷ አዘንብሎ የሚቀጥለውን ትንፋሽ ይጠብቅ ነበር፤ ያ ሲመጣ ደግሞ የሚቀጥለውን።